ጫካ ውስጥ የተነጠፈ ፍራሽ

ለቤተሰብ ሽርሽር ሎጅ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? አትቸገሩ፣ እኔ ልመልስላችሁ፤ ፎቶውን ነው። ነጭ አንሶላ፣ አልጋው ላይ የተበተነ የጽጌረዳ ቅጠል፣ መስኮቱ ሲከፈት የሚታይ ሐይቅ። ዋጋውን የምታዩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የሻወሩ ውሃ ይሞቅ እንደሆነ የምትጠይቁት ደግሞ ከደረሳችሁ በኋላ። ይህን የማውቀው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ቢዝነስ አስተዳደር ተምሬ ማርኬቲንግ ውስጥ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጽጌረዳውን የምንበትነው እኛ ነን።

ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ማረፊያ ነው። ሰዎች ከሺህ ዶላር በላይ ከፍለው፣ አውሮፕላን ቀይረው፣ አንዳንዴም ጀልባ ተሳፍረው ይደርሱበታል፤ ሊዝናኑ ግን አይደለም። የሚሄዱት መራራ መድኃኒት ጠጥተው፣ ጨለማ ውስጥ ባልዲ ታቅፈው ሊያነጉ ነው። ቦታው የፔሩ የአማዞን ጫካ ነው፤ መድኃኒቱ አያዋስካ ይባላል። «ይሄ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ይህን ስም አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም። እኛ ቤት ገብቷል።

«አንቺ ማስታወቂያ ታውቂያለሽ»

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። አንድ ግቢ ስላደግን እህቴ እንጂ የአክስቴ ልጅ ብያት አላውቅም። እናቷ፣ ሁላችንም እታለም እያልን የምንጠራት አክስቴ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ስታርፍ የእህቴ የመኖሪያ ወረቀት ገና በሂደት ላይ ነበር። ከአሜሪካ ከወጣች ጉዳይዋ ሊዘጋ እንደሚችል ጠበቃዋ ስለነገራት ሳትመጣ ቀረች። ቀብሩን ያየችው በስልክ ነው። ስልኩን ከፍ አድርጌ የያዝኩላት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ራቃት። ሐኪም ዘንድ ሄዳ የድብርት መድኃኒት ታዘዘላት። ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ደውለን ስናወራም ትስቃለች። የእናቷ ስም ሲነሳ ግን ወሬ ትቀይራለች። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ ፔሩ ደርሳ ተመለሰችና «ሰው ሆኜ መጣሁ» አለቻት። በሳምንቱ የስድስት ማእከላት አድራሻ ስልኬ ላይ ገባ። ከሥሩ እንዲህ የሚል መልእክት ነበረው፦ «ሚጡዬ፣ አንቺ ማስታወቂያ ታውቂያለሽ። የትኛው እውነቱን እንደሚናገር እዪልኝ። ማደሪያውን፣ መታጠቢያውን፣ ሁሉን ነገር። እኔን ፎቶው እያማለለኝ ነው።»

ሂጂም አትሂጂም አላልኳትም። ትልቅ ሰው ናት፤ ሕመሙም የእሷ ነው። የጠየቀችኝ የማውቀውን ሥራ ስለነበር እሱን ልሠራላት ቁጭ አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ሳነብ፣ ለማእከላቱ ስጽፍ፣ ከባልደረባዋ ጋር ስደዋወል ቆየሁ። ሴትዮዋ በስልኳ የቀረጸችውን ቪዲዮም ላከችልኝ። እጇ እየተንቀጠቀጠ ያነሳችው አሥር ደቂቃ ከመቶ የማስታወቂያ ፎቶ ይበልጥ ነበር።

መጀመሪያ መድኃኒቱ

ማደሪያው ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ለመረዳት የሚጠጣውን ማወቅ ያስፈልጋል። አያዋስካ የኬቹዋ ቃል ነው። «አያ» የሞተ ሰው ወይም ነፍስ፣ «ዋስካ» ደግሞ ገመድ ወይም ሐረግ ነው። የሐረጉ ግንድ ተቀጥቅጦ ቻክሩና ከሚባል ቅጠል ጋር ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል። ቅጠሉ ውስጥ ዲኤምቲ የሚባል፣ ሰውን ራእይ የሚያሳይ ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ብቻውን ቢጠጣ ሰውነታችን ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ዲኤምቲውን ሰብሮ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። የሐረጉ ሥራ ያንን ኢንዛይም ማገድ ነው። የጫካው ሰዎች ያለ ላቦራቶሪ ሁለቱን ተክል ማጣመራቸው ዛሬም ሳይንቲስቶችን ያስገርማል።

ሺፒቦን የመሳሰሉ የአማዞን ሕዝቦች በዚህ መጠጥ ሲታከሙበት ኖረዋል። የፔሩ መንግሥትም በ2008 እ.ኤ.አ. የአካባቢው ሕዝቦች የአያዋስካ ባህላዊ እውቀትና አጠቃቀም የሀገሪቱ ቅርስ እንዲሆን አውጇል። አሜሪካ ውስጥ ግን ዲኤምቲ በሕግ ከተከለከሉት አደገኛ ዕፆች ዝርዝር ውስጥ ነው። ፈረንጆቹ ያን ያህል ርቀት የሚጓዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አያቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ የነበረውን አስቡት። ከዋዜማው ምግብ ይቀነሳል፣ በማግስቱ ከቤት አይወጣም፣ ሽንት ቤቱ ቅርብ መሆን አለበት። አያዋስካም ያስመልሳል፣ አንዳንዱንም ያስቀምጣል፤ እነሱም ይህን «ማጽዳት» ይሉታል። ልዩነቱ ኮሶ ሆድ ላይ ሲያበቃ ይሄኛው አእምሮ ድረስ መሄዱ ነው። ለአራት፣ ለአምስት ሰዓት ያህል ሰው ያለፈውን ሕይወቱን፣ የሞተ ዘመዱን፣ ፍርሃቱን በዓይኑ ሊያይ ይችላል። እንዲህ የሆነ ሰው በጨለማ ተነስቶ ደረጃ መውረድ፣ መጸዳጃ ቤት ማግኘት፣ ወደ አልጋው መመለስ አለበት። የማደሪያው ነገር የምቾት ጥያቄ ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ጎጆው

ከሊማ ወደ ኢኪቶስ ሁለት ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው። ኢኪቶስ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የሚኖርባት፣ ግን ከሌላው የፔሩ ክፍል ጋር በመኪና መንገድ ያልተገናኘች ከተማ ናት። የሚገባባት በአየር ወይም በወንዝ ነው። ጎዳናዋን የሞሉት የእኛን ባጃጅ የሚመስሉ ባለሦስት እግር ሞተሮች ናቸው። ከከተማዋ የሚወጣው አስፋልት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ናውታ የምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ላይ ያበቃል። ብዙዎቹ ማእከላት ያሉት በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ጫካው ውስጥ ገባ ብለው ነው። ሌሎቹ በጀልባ ብቻ ይደረስባቸዋል፤ ወንዙ ደግሞ እንደ ወቅቱ ብዙ ሜትር ከፍና ዝቅ ስለሚል ትናንት ጀልባ የቆመበት ቦታ ነገ ጭቃ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ከሙያዬ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። «ከዓለም ጫጫታ የራቀ» የሚል ጽሑፍ ስታነቡ ሻጩ የሚነግራችሁ ስለ ጸጥታው ነው። ቦታው ከሐኪምም የራቀ መሆኑን አይነግራችሁም። ስለዚህ ለስድስቱም አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ቢታመም ሆስፒታል የሚደርሰው በምን ተጭኖ፣ በስንት ሰዓት ነው?» ሁለቱ በቁጥር መለሱ። አንዱ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ከነሾፌሩ ግቢ ውስጥ እንደሚቆም ጭምር ጻፈ። ሁለቱ «እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን አያውቅም» አሉ። የቀሩት ሁለቱ ስለ ተፈጥሮ ኃይል የሚያወራ ረጅም ጽሑፍ ላኩልኝ። ምርጫው በዚህ ብቻ ወደ ሁለት ወረደ ማለት ይቻላል።

ጎጆዋ

ማደሪያው ታምቦ ይባላል። ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት እግሮች ላይ የቆመ፣ ወለሉ ሳንቃ፣ ጣሪያው በተጎነጎነ የዘንባባ ቅጠል የተከደነ ጎጆ ነው። ከፍ የሚለው ለጎርፍ፣ ለእርጥበትና ለእባብ ነው። ግድግዳው ብዙ ጊዜ ከወገብ በላይ ወንፊት ነው፤ መስታወት የለም። ነፋሱ ይገባል፣ ትንኝ አይገባም። ውስጡ አንድ አልጋ፣ አጎበር፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ በረንዳው ላይ በሁለት ምሰሶ መሀል የሚወጠር ተወዛዋዥ የገመድ አልጋ። አበቃ።

በማስታወቂያው ፎቶ ላይ አጎበሩ እንደ ሙሽራ ቬሎ ተንዠርግጎ ያምራል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ጋምቤላ ወይም አርባ ምንጭ የኖረ ግን ትርጉሙን ያውቀዋል፤ ወባ ነው። ፔሩ ውስጥ ከሚመዘገበው ወባ አብዛኛው ከዚሁ ከሎሬቶ ክልል፣ ኢኪቶስ ካለችበት ነው። የቢጫ ወባ ክትባትም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። ከስድስቱ ማእከላት ይህን በግልጽ ጽፎ ያየሁት ሦስቱ ጋ ብቻ ነው። የአጎበሩን ፎቶ ግን ስድስቱም አውጥተውታል።

ባልደረባዋ በቪዲዮዋ ያሳየችን ሌላም ነገር አለ፤ እርጥበቱን። ኢኪቶስ ውስጥ የደረቀ ወር የሚባል የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል። በሦስተኛው ቀን ልብሷ ሁሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸት ነበር፤ ፓስፖርቷን በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥራ ነው የያዘችው። ጎጆዎቹ እርስ በርሳቸው የተራራቁ ናቸው። ሰው ብቻውን ከሐሳቡ ጋር እንዲሆን ታስቦ ነው ይላሉ። ለአንዲት ሴት ግን የበሩ መቀርቀሪያ ከውስጥ መኖሩን፣ ከአጠገቧ ያለው ጎጆ የማን እንደሆነ፣ ሌሊት ብትጣራ ማን እንደሚሰማት ማወቅ ያስፈልጋታል። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለፔሩ ተጓዦች በሚያወጣው ማሳሰቢያ፣ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን የሀገሪቱ መንግሥት እንደማይቆጣጠራቸውና በመጠጡ ሥር ሳሉ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ተጓዦች መኖራቸውን ጠቅሷል።

ውሃ፣ መብራትና ያ የማይታየው ክፍል

ፎቶ ላይ የማይወጣው ክፍል መጸዳጃ ቤቱ ነው። እኛም እኮ ቤት ስናከራይ ሳሎኑን አንስተን ነው የምንለጥፈው። በእነዚህ ማእከላት ብዙው መጸዳጃ ውሃ የሌለው ነው፤ ተጠቃሚው ሲጨርስ ከአጠገቡ ካለው በርሜል ሰጋቱራ ጨልፎ ይበትንበታል። በደንብ ከተያዘ አይሸትም፤ ለጫካውም ከፍሳሽ ጉድጓድ የተሻለ ነው። ጥያቄው ዓይነቱ ሳይሆን ርቀቱ ነው። ከመድኃኒት መጠጫው አዳራሽ ስንት እርምጃ ነው? መንገዱ ላይ የሚያዝ ገመድ ወይም መደገፊያ አለ? ደረጃ አለው? ዝናብ ሲዘንብ ያንሸራትታል? መጠጡ የያዘው ሰው እግሩን ማመን አይችልም። ጥሩ የሚባሉት ቦታዎች መጸዳጃውን ከአዳራሹ ጋር አያይዘው ይሠራሉ፤ ሰው ሲነሳም አንድ አስተናጋጅ ክንዱን ይዞ አድርሶ ይመልሰዋል።

ሻወሩ ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ሙቀት ማንም አያማርርም። ውሃው ከጉድጓድ ወይም ከጣሪያ የሚጠራቀም ዝናብ ሆኖ እንደኛው ሮቶ ውስጥ ይቀመጣል። ለመጠጥ የሚሆነው ተጣርቶ ወይም ፈልቶ መቅረብ አለበት። ተቅማጥና ማስመለስ በበዛበት ቦታ ንጹሕ ውሃ ከመድኃኒቱ አይተናነስም። አንዱ ማእከል የውሃ ማጣሪያውን ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። ደስ የማይል፣ ዝገት የነካው ፎቶ ነበር፤ እኔ ግን ከሁሉም ይበልጥ የወደድኩት እሱን ነው።

መብራት የሚመጣው ከሶላር ወይም በቀን ለጥቂት ሰዓት ከሚነሳ ጄኔሬተር ነው። ቦታው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ እንደኛው ሀገር ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ይመሻል። ከዚያ በኋላ ሻማ፣ ፋኖስና የእጅ ባትሪ ነው። ዋይፋይ ቢኖር ወጥ ቤቱ አካባቢ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ሆን ብሎ ስልክ ይሰበስባል። ስልክ መሰብሰቡ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ማእከሉ ራሱ ከከተማ ጋር የሚገናኝበት የሚሠራ ስልክ ወይም ሬዲዮ ሊኖረው ግን ግድ ነው።

ማእዱ

ምግቡን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ጾም ነው። ስሙ ዲየታ ይባላል። ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም የአሳማ ሥጋ፣ አልኮል፣ በርበሬና ስኳር አይቀርብም። ጨው ይቀነሳል ወይም ጭራሽ ይቀራል። ከፍትወትም መታቀብ አለ። የሚበላው ሩዝ፣ ቅቅል ወይም ጥብስ የምግብ ሙዝ፣ የወንዝ ዓሣ፣ እንቁላል ነው። የቆየ አይብ፣ የደረቀ ሥጋና የተብላላ ነገርም ይከለከላል። ሐረጉ ያገደው ኢንዛይም እነዚህ ምግቦች ውስጥ ያለውን ታይራሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚሰብረውም ስለሆነ የደም ግፊት እንዳይነሳ ተፈርቶ ነው።

እህቴ ይህን ስነግራት ሳቀች። «ሚጡዬ፣ ለጾሙስ ፔሩ መሄድ አያስፈልገኝም» አለችኝ።

ክቡ አዳራሽ

ከማእከሉ ሁሉ ትልቁ ቤት ማሎካ ነው። ክብ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ብሎ ወደ ላይ ይሾላል፤ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ወይም ትልቅ ሣር ቤት ያየ ሰው ቅርጹ አይገርመውም። ምሽት ሁለት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ይሰበሰባል። ግድግዳውን ተከትሎ ፍራሽ ተነጥፏል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፍራሽ፣ አንድ ትራስ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ሶፍት። መሀል ላይ ፈዋሾቹ ይቀመጣሉ። መጠጡ በትንሽ ኩባያ በየተራ ይቀዳል፤ ሻማው ይጠፋል። ከዚያ ጨለማው ውስጥ ዜማ ይጀመራል። ኢካሮ ይሉታል። ፈዋሹ ማፓቾ የሚባለውን የጫካ ትንባሆ ጭስ እየነፋ በየፍራሹ ይዞራል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ያዜምለታል። በየባልዲው የሚያስመልሰውን፣ የሚያለቅሰውን፣ የሚስቀውን ሁሉም ይሰማል፤ ማንም አያፍርም።

ባልደረባዋን «ከሁሉም ምን ይበልጥ ረዳሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ራእዩን ትነግረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ያን ሁሉ ሌሊት አንድ ሰው እኔን ብሎ አለመተኛቱ» አለችኝ።

ይህን ስሰማ የእታለም ለቅሶ ትዝ አለኝ። ሳሎኑ ዕቃው ወጥቶለት፣ ግድግዳውን ተከትሎ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ጎረቤቱ ሦስት ሌሊት አብሮን አድሯል። ማንም ብቻውን አላለቀሰም። አንድ ሰው ብቻ ከዚያ ፍራሽ ቀርታ ነበር፤ እሷም ሜሪላንድ ውስጥ፣ በራሷ አልጋ፣ ስልኳን ይዛ ነበር። ለቅሶ ቤት የሐኪም መድኃኒት ይተካል እያልኳችሁ አይደለም። ሰዎቹ የሚከፍሉት ለጎጆው ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው።

ፎርሙ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማደሪያው ምንም ያህል ቢያምር ከመግቢያው ፎርም አይበልጥም። ብዙው የድብርት መድኃኒት የሚሠራው ሴሮቶኒን የሚባለውን የአእምሮ ንጥረ ነገር ከፍ በማድረግ ነው። የአያዋስካ ሐረግ የሚያግደው ኢንዛይም ደግሞ ሴሮቶኒንን ከሚቀንሱት አንዱ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሴሮቶኒን ከልክ ያልፋል፤ ሰውየው ያተኩሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ይቃዣል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። የልብ ሕመም ያለበት፣ እርጉዝ የሆነች፣ ራሱ ወይም የቅርብ ቤተሰቡ ከባድ የአእምሮ ሕመም ገጥሞት የሚያውቅ ሰውም ከዚህ መጠጥ መራቅ አለበት።

ስለዚህ ቁጥር የመለሱልኝን ሁለቱን ማእከላት ስለ እህቴ ኪኒን ጠየቅኳቸው። አንደኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰ፦ «ችግር የለም፣ ከመምጣቷ ሁለት ሳምንት በፊት ታቁመው።» የትኛው መድኃኒት እንደሆነ አልጠየቀም፤ ለስንት ጊዜ እንደወሰደችው አልጠየቀም፤ ሐኪሟ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቀም። ከሥሩ የቅድሚያ ክፍያ መላኪያ አድራሻ ነበረው። የድብርት መድኃኒት ግን ከሰውነት የሚወጣበት ጊዜ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን የሚወስድ ሰው ኢንዛይሙን የሚያግድ ነገር ከመውሰዱ በፊት 5 ሳምንት ያህል መቆየት እንዳለበት ሐኪሞች ይመክራሉ። በድንገት ማቆም ራሱ ሕመም ያመጣል፤ የተኛውን ድብርት መቀስቀስም አለ።

ሁለተኛው ማእከል በአራተኛው ቀን መለሰ። አሁን ባለችበት ሁኔታ እንደማይቀበላት ጻፈ። መድኃኒቱን ለእነሱ ብላ እንዳታቆም፣ ሐኪሟ በራሱ ጊዜና በራሱ ምክንያት ቢያቆምላት ብቻ ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር እንደገና እንድትጽፍ ነገራት። መጀመሪያ የጻፈልኝ ስለ ባልዲው ብዛት ወይም ስለ ጣሪያው ውበት አልነበረም። በዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ካነበብኳቸው የደንበኛ መልሶች ይህን የሚያህል አላየሁም። ሽያጩን ትቶ ሰውየዋን ያሰበ ቤት፣ ውሃውንም አጣርቶ ያቀርባል ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱንም ደብዳቤ ሳልቀንስ ሳልጨምር ላክሁላት። አንድ ቀን ዝም አለች። ከዚያ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ ያዘች፤ ስለ ፔሩም በግልጽ ነገረችው። እሱም አልሳቀባትም፤ መድኃኒቱን አሁን የማቆሚያ ጊዜ እንዳልሆነ ግን ነገራት።

ብትጠየቁ

ነገ ከእናንተ ቤት አንዱ፣ እህታችሁ ወይም ልጃችሁ፣ እንዲህ ያለ አድራሻ ቢልክላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁለት፦

ሐኪም ጋ ለመድረስ ሌሊት ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ በምንስ ይኬዳል? ለስንት ጠጪ ስንት ፈዋሽና ስንት የማይጠጣ አስተናጋጅ አለ? ከአስተናጋጆቹ ሴት አለች? የሴቶች ጎጆ የት ነው፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? መጸዳጃው ከአዳራሹ ምን ያህል ይርቃል? የሚጠጣው ውሃ ከየት ነው፣ በምን ይጣራል? ፎርሙ የመድኃኒት ስም፣ የልብና የአእምሮ ጤና ታሪክ ይጠይቃል? ያልተቀበሉት ሰው አለ? ሰውየው ወደ ሀገሩ ከተመለሰ በኋላስ ማን ይደውልለታል?

መጨረሻ ላይ ካሉት ሦስቱ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ መመለስ ያልቻለ ቤት፣ አልጋው ላይ ጽጌረዳ ቢበተንም ሰው አይላክበትም።

ጥር ላይ እህቴ አዲስ አበባ መጣች። ወረቀቷ ወጥቶላታል። ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መቃብሩ ጋ ሄድን፤ ማታ እናቴ ሳሎኑን አስለቅቃ ፍራሽ አስነጠፈች። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰው ይመጣል ብለን አልጠበቅንም ነበር፤ የእታለም የእድር ጓደኞች ግን አንድ በአንድ ገቡ። እህቴ እርሟን አወጣች። ሦስት ሌሊት አብረናት አደርን። ድና ተመለሰች አልላችሁም፤ ኪኒኗ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ የሐኪም ቀጠሮዋም እንዳለ ነው። የእናቷን ስም ግን አሁን ራሷ ታነሳለች፤ ቡና ሲፈላ «እታለም ብትኖር ይሄን ረከቦት ትቆጣ ነበር» ትላለች።

ስሸኛት በር ላይ ዞር ብላ «ያቺን የከለከለችኝን ቦታ ስሟን እንዳትጥይው» አለችኝ። «አንድ ቀን ከሄድኩ የምሄደው እሷ ጋ ነው።»

ስሟን ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ።